የሲሼልስ ድርብ ኮኮናት ዘር ለምን ያን ያህል ገዘፈ? ለምንስ ከሁለት ደሴት አላለፈ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በዱባይ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከሲሼልስ ሲመለስ ሁለት ኮኮናት ጎን ለጎን የተጣበቁ የሚመስል ትልቅ ጥቁር ፍሬ ይዞ መጣ። በዓለም ካሉት ዘሮች ሁሉ ትልቁ እንደ ሆነና በተፈጥሮ የሚበቅለውም በሁለት ደሴቶች ላይ ብቻ እንደ ሆነ ነገረኝ። ተራው ኮኮናት በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ብዙ አገር አዳርሷል ይባላል። ታዲያ ከእርሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ለምን እዚያው ቀረ? ዘሩ ይህን ያህል መግዘፉስ ምን ይጠቅመዋል? እኔም አንዱን ገዝቼ አገር ቤት ባስተክለው ይበቅል ይሆን?

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሦስት ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። የዚህ ዘንባባ ዘር የገዘፈው በእናቱ ጥላ ሥር፣ በደኸየ አፈር ላይ፣ ብርሃን እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ለዓመታት በራሱ ስንቅ እንዲቆይ ነው። ለመጓዝ የተሠራ ዘር አይደለም። ስለዚህ የዘሩ ትልቅነትና የዛፉ በሁለት ደሴት መወሰን እንደሚመስለው የሚቃረኑ ነገሮች ሳይሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ሎዶይሲያ ማልዲቪካ ይባላል፤ በሰፊው የሚታወቀው ግን ኮኮ ደ ሜር ወይም ድርብ ኮኮናት በመባል ነው። ከዘንባባ ቤተሰብ ይሁን እንጂ ለምንበላው ኮኮናት የቅርብ ዘመድ አይደለም። ዘመዶቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በጋምቤላና በምዕራብ ቆላችን የሚታየው፣ ግንዱ ወደ ላይ ወፈር የሚለው ረጅሙ ዘንባባ፣ ማለትም ቦራሰስ ኤትዮፒየም፣ ከዚሁ ከድርብ ኮኮናት ጋር በአንድ የዘንባባ ነገድ ውስጥ ይመደባል። ቅጠሉ ለሰሌንና ለቅርጫት የሚውለው የአፋሩ የዱም ዘንባባም የዚያው ነገድ አባል ነው። ይህን ዝምድና ወደ ኋላ ስለምንፈልገው በአእምሮዎ ያቆዩልኝ።

ድርብ ኮኮናት ዛሬ በተፈጥሮ የሚገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ሲሼልስ ውስጥ በፕራስላንና በኩሪየዝ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚታወቀው ደኑ በፕራስላን መካከል የሚገኘው ቫሌ ደ ሜ የተባለው ሸለቆ ሲሆን፣ ስፋቱ ሃያ ሄክታር የማይሞላ ቢሆንም በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛፉ ሠላሳ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ወጣቱ ተክል ገና ግንድ ሳያወጣ ከመሬት ቀጥ አድርጎ የሚዘረጋው ቅጠል ከነዘንጉ እስከ አሥር ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሴቴው ዛፍ ከተዳቀለች በኋላ ፍሬዋ በስሎ እስኪወድቅ ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባታል። በውስጡ ያለው ዘር እስከ 25 ኪሎ ግራም ሊመዝን እንደሚችል በዕፅዋት መጻሕፍት ተመዝግቧል። በአንጻሩ የኦርኪድ ዘር ከአቧራ ቅንጣት አይበልጥም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዕፅዋት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉባቸው መንገዶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

የመንሳፈፉን ነገር በቅድሚያ እንመልከት። ተራው ኮኮናት ወፍራምና አየር የቋጠረ የቃጫ ልባስ አለው፤ ውስጡም ክፍት ነው፤ ስለዚህ ውኃ ላይ ይቀመጣል፣ ወራት ቆይቶም ባረፈበት የአሸዋ ዳርቻ ሊበቅል ይችላል። የድርብ ኮኮናት ዘር ግን ሲበስል ውስጡ እንደ ዝሆን ጥርስ በጠነከረ ወፍራም ነጭ ሥጋ የተሞላ ነው። ሕያው የሆነው ዘር ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ይሰጥማል፤ ጨዋማውን ውኃም አይችልም። የሚንሳፈፈው ሥጋው በስብሶ ካለቀና ቅርፊቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚበቅል ነገር አልቀረለትም። በሌላ አነጋገር፣ ባሕር አቋርጦ የትም የደረሰ የድርብ ኮኮናት ዘር ሁሉ ሲደርስ የሞተ ነበር።

ይህ አንድ እውነታ ብቻውን ለብዙ መቶ ዓመታት የሰውን አእምሮ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ሲሼልስ ሰው ሳይኖርባት በነበረበት ዘመን፣ ባዶዎቹ ቅርፊቶች በውቅያኖሱ ሞገድ እየተገፉ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በማልዲቭስ ዳርቻዎች ይወጡ ነበር። የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ክፍል ማልዲቭስን የሚጠራውም በዚህ የተነሣ ነው፤ ዛፉ ግን በማልዲቭስ በቅሎ አያውቅም። ዛፉን ያየ ሰው ስላልነበረ፣ መርከበኞች ፍሬው ከባሕር በታች ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ እንደ ሆነ አመኑ። በማልዲቭስ ዳርቻ የተገኘው ሁሉ የንጉሡ ንብረት ነበር፤ ሸሽጎ ያስቀረ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በሕንድ፣ በጎዋ ይኖር የነበረው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ጋርሲያ ደ ኦርታ በ1563 ባሳተመው ሥራው ስለዚህ ፍሬና የመርዝ ማርከሻ ነው ስለ መባሉ ጽፏል። የሀብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ለአንድ ፍሬ 4,000 የወርቅ ፍሎሪን እንዳወጣበት ይነገራል። በፋርስና በሕንድ የሚዞሩ ደርቪሾች (ምጽዋት እየለመኑ የሚኖሩ የእስልምና መናንያን) ደግሞ ቅርፊቱን ለሁለት ሰንጥቀውና ቀርጸው የምጽዋት መቀበያ ያደርጉት ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ልዩ ጥበብ ያረፈባቸው ዛሬም በብዙ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ።

ዛፉ የታወቀው በ1768 ነው። በማሪዮን ዱፍሬን የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ አባል የነበረው ቀያሹ ባሬ ፕራስላን ላይ ሲዞር ፍሬውን ከነዛፉ አገኘው። በቀጣዩ ዓመት ዱሼማን የተባለ የመርከብ አዛዥ መርከቡን በፍሬው ሞልቶ ወደ ሕንድ ወሰደ፤ ለነገሥታት እጅ መንሻ ይሆን የነበረው ዕቃ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ወደቀ። ለእኛ አንባቢ ትኩረት የሚስብ አንድ ሰውም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1879 የግብጹ ገዥ የከዲቭ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ በመምጣት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር የተነጋገረው፣ በኋላም በካርቱም የሞተው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን፣ በ1881 ፕራስላንን ጎብኝቶ ነበር። ቫሌ ደ ሜ የኤደን ገነት እንደ ነበረች፣ ድርብ ኮኮናትም መልካምና ክፉን የሚያሳውቀው ዛፍ እንደ ሆነ በጽኑ አምኖ ጽፏል። የፍሬው ቅርጽ ከሴት ገላ ጋር መመሳሰሉ ለዚህ እምነቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሲሼልስ ዋና ዋና ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወይም ከዛጎል ክምችት የተፈጠሩ አይደሉም፤ ከጥንታዊው የጎንድዋና አህጉር የተገነጠሉ የግራናይት ስብርባሪዎች ናቸው፤ ከሕንድ የተለዩትም ከስድሳ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ዝናብ ሲያጥበው የኖረ አፈር ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም፤ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም በጣም የመነመነበት ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የበቀለ ዛፍ በዓለም ትልቁን ዘር ማፍራቱ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ድሃ ቤት ውስጥ ትልቅ ድግስ ከየት ይመጣል?

ተመራማሪዎቹ ፒተር ኤድዋርድስ፣ ክሪስቶፈር ካይዘር-በንበሪና ባልደረቦቻቸው በቫሌ ደ ሜ ደን ያካሄዱትና በ2015 የታተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሚያረካ መልስ ሰጥቷል ብዬ አምናለሁ። ዛፉ በመጀመሪያ ቆጣቢ ነው፤ በቅጠሎቹ ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በዚያው ደን ካሉት ሌሎች ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ያረጀ ቅጠልም ከመውደቁ በፊት ዛፉ ከውስጡ የሚጠቅመውን አብዛኛውን ንጥረ ነገር መልሶ ወደ ግንዱ ይስባል። ሁለተኛው ጠባዩ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቀኛል። ቅጠሎቹ ሰፋፊና እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ የተሸበሸቡ ሲሆኑ፣ ሽብሽቦቹ ሁሉ ወደ ዘንጉ ያዘነብላሉ፤ ዘንጉም በላዩ ቦይ አለው። ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉ ላይ ያረፈው የአበባ ዱቄት፣ የአእዋፍና የእንሽላሊቶች ኩስ፣ የደረቀ ብናኝ ሁሉ ታጥቦ እንደ ቤት አሸንዳ በቦዩ ወርዶ፣ በግንዱ በኩል እግሩ ሥር ይፈስሳል። ግንዱ አጠገብ ያለው አፈር ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ካለው ሲነጻጸር ቢያንስ አምሳ በመቶ የሚበልጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ተገኝቷል። ዛፉ ለራሱ እግር ማዳበሪያ ያመላልሳል ማለት ነው፤ ይህም ስድስትና ሰባት ዓመት የሚፈጀውን ፍሬ ለመቀለብ ያስችለዋል።

ይህ ከሆነ ለዘሩ ከሁሉ የተሻለው ቦታ የቱ ነው? ከእናቱ እግር ብዙ ያልራቀው። ለም የሆነው እርሱ ብቻ ነውና። ነገር ግን ቦታው ለም ቢሆንም ጨለማ ነው፤ ከላይ የእናቲቱና የጎረቤቶቿ ቅጠል ሰማዩን ከድኖታል። እንደ ስንዴ ወይም እንደ ጤፍ ባለ ጥቂት ስንቅ የሚበቅል ዘር እንዲህ ባለ ጥላ ሥር ወዲያው ይጠፋል። ብዙ ስንቅ የያዘው ግን ትንሽ ብርሃን እያገኘ፣ ቀሪውን ከዘሩ እየመገበ፣ ለዓመታት ይታገሣል። በትውልድ በትውልድ ብዛት የበለጠ ስንቅ የያዙት ዘሮች እየተረፉ፣ ያነሰ የያዙት እየጠፉ ሲሄዱ፣ ዘሩ እየገዘፈ ዛሬ ካለበት ደረጃ ደረሰ። ይህን ሂደት የሚያቆመው ነገር በዋናው ምድር ላይ አለ፤ ዘር በጣም ከከበደ የሚያጓጉዘው ያጣል። የጋምቤላው ቦራሰስ ፍሬ ጣፋጭ ሥጋ አለው፤ ዝሆንና ዝንጀሮ እየበሉ ዘሩን ሩቅ ያደርሱለታል፤ ስለዚህ ፍሬው ዝሆን ሊውጠው ከሚችለው መጠን ማለፍ አልነበረበትም። ፕራስላን ላይ ግን ዝሆንም ዝንጀሮም የለም። ባሕርም አይወስደውም። የሚያደርሰው ካጣ ለመክበድ የሚያግደው አልነበረም።

የዚህ ዘር አበቃቀል ራሱ ቀርቦ መታየት አለበት። የበሰለው ፍሬ ከወደቀ በኋላ ወራት አልፎ ውጫዊው ልባስ ይበሰብሳል። ከዚያም በሁለቱ ጉንጮች መካከል ካለው ስንጥቅ የጣት ውፍረት የሚበልጥ፣ ነጣ ያለ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ገመድ መሰል ነገር ብቅ ይላል። ይህ ገመድ መሬቱን ሰርስሮ ይገባና ወደ ጎን እየተጓዘ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ አራት ሜትር ድረስ ይሄዳል። ቡቃያው የሚወጣው ዘሩ ከወደቀበት ሳይሆን ከገመዱ ጫፍ ነው። ገመዱም የእትብት ሥራ ይሠራል፤ ከዘሩ ውስጥ ያለውን ሥጋ እያሟሟ ወደ ቡቃያው ያደርሳል። ቅጠሉ ወጥቶ ሥሩም ተተክሎ እንኳ ይህ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። የጋምቤላው ዘመዱም ገመድ አለው፤ እርሱ ግን ቡቃያውን በዋናነት ወደ ጥልቀት ይሰድዳል፤ የደሴቱ ዘር ይህንኑ የቤተሰብ ጠባይ ወስዶ የጥቂት እርምጃ መጓጓዣ አደረገው። አንድ እናት በአንድ ቦታ የምትጥላቸው ዘሮች ሁሉ እዚያው ቢበቅሉ እርስ በርሳቸው በተላለቁ ነበር፤ ገመዱ ግን ከእናቲቱ ለም አፈር ሳያወጣቸው ያራርቃቸዋል። በአንድ በኩል መቅረት፣ በሌላ በኩል መራቅ የሚሉት ሁለቱ ፍላጎቶች እንዲህ ታርቀዋል።

አርጅቶ የሞተ ዛፍ የቆመበትን ቦታ ያየ ሰው ሌላ የሚገርም ነገር ያገኛል። ግንዱ መሬት ውስጥ የሚቀመጠው ጎድጓዳ ሳህን በሚመስል ጠንካራ የእንጨት ጽዋ ላይ ሲሆን፣ ጽዋው ሥሮቹ በሚያልፉባቸው ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል። ግንዱ ከበሰበሰ ከብዙ ዓመታት በኋላም ጽዋው ሳይጠፋ ይቆያል።

ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ይህም አንድ ዛፍ ብቻውን ቢተከል ፍሬ እንደማይሰጥ ያስታውሰናል። የወንዴው አበባ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ቡናማ፣ የክንድ ውፍረት ያለው ዘንግ ላይ በተራ በተራ የሚፈኩ ትንንሽ አበቦችን ይይዛል፤ አረንጓዴ እንሽላሊቶች በላዩ ሲመላለሱና አበባውን ሲልሱ ይታያሉ። በደሴቱ ተወላጆች ዘንድ በማዕበል ሌሊት ወንዴዎቹ ዛፎች ከሥራቸው ተነቅለው ወደ ሴቴዎቹ ይሄዳሉ፣ ይህንን ያየ ሰውም ይሞታል የሚል ተረት አለ። በሸለቆው ውስጥ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ የሆነው የሲሼልስ ጥቁር በቀቀን ይኖራል፤ በውስጣቸው ባዶ የሆኑ የዘንባባ ግንዶች ውስጥም እንቁላሉን ይጥላል።

እስካሁን ያልኩትን ካጤኑ የዛፉ ሥጋት ከየት እንደሚመጣ ይገባዎታል። ዘሩን ሩቅ የሚያደርስለት ስለሌለ አንድ ቦታ ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም። ጥቂት ዘር ብቻ ስለሚያፈራና ለአንዱም ዓመታት ስለሚያወጣበት፣ አንድ ፍሬ በመወሰዱ የሚደርሰው ጉዳት ከሌላ ዛፍ አንድ ፍሬ ከመውሰድ ጋር አይወዳደርም። ሴቴ ዛፍ የመጀመሪያ ፍሬዋን ለማየት ብዙ አሥርተ ዓመታት ይወስድባታል። ሆኖም የፍሬው ውስጥ ሥጋ ደርቆና ተፈጭቶ በእስያ ገበያ ለባህላዊ መድኃኒትና ለመዋቢያ ቅባት በውድ ይሸጣል፤ ቅርፊቱም ለጎብኚ ይሸጣል። በሌሊት እየገቡ ፍሬ የሚለቅሙ ሌቦች ቀጣዩን ትውልድ ነው የሚወስዱት፤ በብዙ ቦታዎች ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው እያሉ ከሥራቸው ቡቃያ የማይታየው ለዚህ ነው። ደን ለጎብኚው ለምለም ሊመስል ይችላል፤ ተተኪ ከሌለው ግን እያረጀ ነው። ሰደድ እሳት ሌላው ሥጋት ሲሆን፣ ከውጭ የገባው ቢጫ ጉንዳን በበኩሉ በሸለቆው የሚኖሩትን እንሽላሊቶችና ቀንድ አውጣዎች ያጠቃል።

የሲሼልስ መንግሥት በ1978 የፍሬውን አለቃቀምና ሽያጭ የሚቆጣጠር ልዩ አዋጅ አውጥቷል። በ2010 ደግሞ አገሪቱ ተክሉን በዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሦስተኛ ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት የተጋለጠ ሲል መድቦታል። ቫሌ ደ ሜን የሚያስተዳድረው የሲሼልስ ደሴቶች ፋውንዴሽን የወደቁትን ፍሬዎች ይመዘግባል፣ ከፊሉንም መልሶ ለተከላ ያውላል። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ መልሶ መትከል ነው።

ስለ መትከል ያነሡትን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ ለጎብኚ የሚሸጡት ፍሬዎች በአብዛኛው ሥጋቸው ወጥቶ ባዶ የተደረጉ ናቸው፤ ስለዚህ የባልደረባዎ ፍሬ ጌጥ እንጂ ዘር አይደለም። ሕያው ዘር ቢገኝ እንኳ ዛፉ የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ የሆነ ዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ በፍጹም አይሆንለትም፤ የሐዋሳ ሌሊትም ይቀዘቅዘዋል፤ በጋምቤላ ሙቀቱ ቢስማማው ረጅሙ ደረቅ ወቅት በመስኖ ካልታገዘ ይጎዳዋል። ከሲሼልስ ውጭ ዛፉ በስሪላንካ የፔራዴኒያ ዕፅዋት ማዕከልና በመሳሰሉት ይታያል። በኮልካታ ዕፅዋት ማዕከል በ1894 የተተከለችው ሴቴ ዛፍ እስክታብብ አንድ የሰው ዕድሜ አልፏል፤ ፍሬ እንድትይዝም ከሌላ አገር የመጣ የወንዴ አበባ ዱቄት በሰው እጅ ተሰጥቷታል።

አንዱን በቤትዎ ለማኖር ከፈለጉ ግን ከሲሼልስ ፈቃድ ካለው ሻጭ ይግዙ። ሕጋዊ ፍሬ ቁጥር ያለበት የመንግሥት መለያ ተለጥፎበት፣ ከባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀቱ ጋር ይሰጣል፤ ከአገሪቱ ለማውጣትም የመላኪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ኢትዮጵያም ሆነች የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የንግድ ስምምነቱ አባላት ስለሆኑ ወረቀቱ በሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች ሊጠየቅ ይችላል። በዱባይ ገበያ ወይም በኢንተርኔት ያለ መለያ የሚቀርብልዎትን አይግዙ፤ በተለይ ሥጋው ያልወጣ፣ ከባድና ሙሉ የሆነ ፍሬ በርካሽ ካቀረቡልዎት ከደኑ የተሰረቀ ለመሆኑ ብዙ ምልክት አለው። የባልደረባዎንም ፍሬ አገላብጠው መለያውን ይፈልጉ፤ ቁጥሩም ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።